ቀዳዳው ባልዲ፦ የኤቲኤም ኔትወርክ የትራፊክ ፖሊስ ታሪክ

"ኤቲኤም" ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ካርድ አስገብታችሁ ብር የምታወጡበት ማሽን ነው አይደል? ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ሌላ ኤቲኤም ነው። ስማቸው በአጋጣሚ ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የእኛው ኤቲኤም "አሲንክሮነስ ትራንስፈር ሞድ" የሚባል የመረጃ ማስተላለፊያ ዘዴ ነው፤ በአማርኛ ብንፈታው "የተመደበ ሰዓት ሳይጠብቁ የማስተላለፍ ስልት" እንደ ማለት ነው። በ1990ዎቹ ብዙ የቴሌኮም መሐንዲሶች ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ኮምፒውተሩም ወደፊት በዚህ አንድ መንገድ እንደሚጓዙ እርግጠኛ ነበሩ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሌላ የቃል ጉዳይም አለ። እኛ "ትራፊክ ያዘው" ስንል የያዘው ፖሊሱ ነው። በኔትወርክ ዓለም ግን ትራፊክ የሚባለው የሚጎርፈው መረጃ ራሱ ነው። ታዲያ እዚያም ቢሆን መግቢያው ላይ ቆሞ "አንተ እለፍ፤ አንተ ግን ከውልህ በላይ ነህ" የሚል ጠባቂ አለ። ሥራው ትራፊክ ፖሊሲንግ ይባላል። ይሄ ጠባቂ ለምን አስፈለገ? እሱን ያሳደገው ኤቲኤም ሲከስምስ እሱ እንዴት ተረፈ? ታሪኩ ስለ ሽቦና ስለ ቁጥር ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው አንድን ነገር ሲጋራ "ማን ነው ማንን የሚቆጣጠረው?" የሚል የቆየ ጥያቄም አለበት።

የድሮ ስልክ ፖሊስ አላስፈለገውም

ከስልክ እንጀምር። በድሮው የስልክ ኔትወርክ አንድ ሰው ሲደውል ከእሱ እስከ ጓደኛው ድረስ ለሁለቱ ብቻ የተያዘ መስመር ይከፈትላቸዋል። ስልኩ ዲጂታል ሲሆንም ሐሳቡ አልተቀየረም። ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል፤ ሲባዛ በሰከንድ 64,000 ቢት ይሆናል። ብትጮሁም 64,000 ነው። ዝም ብትሉም ያው 64,000 ነው። ከዚያ በላይ ልላክ ብትሉ መንገዱ አይፈቅድላችሁም። መስመሩ ራሱ አጥር ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ "አሁን ነፃ መስመር አለ ወይስ የለም?" ይህን ጥያቄ በሒሳብ የፈታው በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። በ1909 ባሳተመው ሥራ የስልክ ጥሪዎች አመጣጥ በፕሮባቢሊቲ ሊሰላ እንደሚችል አሳየ። በ1917 ደግሞ "ይህን ያህል ሰው የሚደውል ከሆነ ስንት መስመር ይበቃል?" ለሚለው ቀመር አወጣ። የስልክ ጭነት መለኪያ እስከ ዛሬ በእሱ ስም "ኤርላንግ" ይባላል።

ችግሩ ብክነቱ ነው። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ስለዚህ የሰሚው መስመር ባዶውን ይሄዳል። ኮምፒውተር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ኮምፒውተር ለረጅም ጊዜ ዝም ይልና በድንገት ጎርፍ ይለቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጠባይ ቀኑን ሙሉ የተያዘ መስመር መስጠት ለአንድ ሰው ሙሉ አውቶቡስ እንደ መከራየት ነው።

53 ባይት፦ መሃል ላይ የተቆረጠ እርቅ

በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንሳይ ብሪታኒ ክልል ባለችው ላንዮን ከተማ፣ ዣን ፒየር ኩድሩዝና ባልደረቦቹ አንድ ሐሳብ ይሞክሩ ነበር። አሜሪካም ውስጥ ቤል ላብስ በሚባለው የምርምር ተቋም ጆናታን ተርነር በተመሳሳይ መንገድ ያስብ ነበር። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ ድምፅም ይሁን ምስል ወይም ፋይል፣ ሁሉም እኩል መጠን ወዳላቸው ትናንሽ ቁራጮች ይቆረጥ። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የሚሄድበት አድራሻ ይለጠፍ። ከዚያ የተያዘ መስመር ሳይጠብቅ፣ ቦታ ባገኘ ቁጥር ይላክ። እነዚህ ቁራጮች በኋላ "ሴል" ተባሉ።

በ1988 የዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት የደረጃዎች ኮሚቴ ኤቲኤምን የወደፊቱ ሰፊ ኔትወርክ መሠረት አድርጎ መረጠው። በዓመቱ ግን አንድ ጭቅጭቅ ተነሳ። የሴሉ መጠን ስንት ይሁን?

አሜሪካኖቹ 64 ባይት አሉ። አውሮፓውያኑ 32 አሉ። ነገሩ ተራ ግትርነት አልነበረም። በሰከንድ 64,000 ቢት የሚሄድ ድምፅ 64 ባይት እስኪሞላ 8 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ 32 ባይት ግን በ4 ሚሊሰከንድ ይሞላል። መዘግየት ሲበዛ ሰው የራሱን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይሰማል። ያንን ለማጥፋት ደግሞ ተጨማሪ መሣሪያ ያስፈልጋል። እንደ ፈረንሳይ ያሉ አገሮች ስፋታቸው መጠነኛ ስለሆነ፣ ሴሉ ካጠረ ያለዚያ መሣሪያ መኖር ይችሉ ነበር። አሜሪካ ግን ሰፊ ስለሆነች መሣሪያውን ለማንኛውም ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ትልቅ ሴል ይዞ አድራሻ ላይ የሚባክነውን መቀነስ ይሻላታል።

መጨረሻ ላይ ምን ሆነ? ሽማግሌ መሃል ገብቶ እንደሚያስታርቀው 64ና 32 ተደምረው ለሁለት ተካፈሉ፤ 48 ሆነ። በዚያ ላይ 5 ባይት የአድራሻ ራስጌ ሲጨመር 53 ባይት መጣ። ለማንም ያልተመቸ፣ ለኮምፒውተርም የማይገጥም ቁጥር! ግን ተስማሙ።

አጥሩ ሲፈርስ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። የተለመደው የኤቲኤም መስመር በሰከንድ 155.52 ሜጋቢት ይይዛል። እናንተ ከኔትወርኩ ጋር የተዋዋላችሁት በሰከንድ 2 ሜጋቢት ለመላክ ነው እንበል። በድሮው ስልክ ቢሆን ከ2 በላይ መላክ አትችሉም ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱ ሴል ከኮምፒውተራችሁ የሚወጣው በመስመሩ ሙሉ ፍጥነት ነው። ሴሎቹን ጎን ለጎን ደርድራችሁ ብትለቋቸው ከውላችሁ 70 እጥፍ በላይ መላክ ትችላላችሁ። የሚከለክላችሁ ሽቦ የለም። አጥሩ ፈርሷል።

"ታዲያ ኔትወርኩ ለሁሉም የሚበቃ ቦታ ለምን አያዘጋጅም?" ትሉ ይሆናል። ምክንያቱም የኤቲኤም ትርፍ ያለው እዚያው ላይ ነው። ባንክ የደንበኞቹን ገንዘብ በሙሉ ካዝና ውስጥ ቆልፎ አይጠብቅም፤ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን እንደማይመጣ ያውቃል። ኔትወርኩም እንደዚሁ ነው። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ጎርፍ እንደማይለቅ አስቦ ለብዙ ሰው ቃል ይገባል።

አንድ ሰው ውሉን ጥሶ ሲያጎርፍ ግን የሚጎዳው ራሱ ብቻ አይደለም። ስዊቾቹ ውስጥ ያለው ወረፋ ይሞላል፤ ማቆያው ሲሞላ ሴሎች ይጣላሉ። የሚጣሉት የማን ናቸው? የማንም ሊሆኑ ይችላሉ። ውሉን አክብራ ከእናቷ ጋር በስልክ የምታወራው ልጅ ድምፅ ይቆራረጣል፤ ጥፋተኛው ግን ፋይሉን እያወረደ ምንም አይሰማውም። ፖሊስ ያስፈለገው እዚህ ላይ ነው። የሚጠብቀውም ኔትወርኩን ብቻ አይደለም፤ ለሌሎች የተገባውን ቃል ነው።

ስለዚህ ኤቲኤም ውስጥ ማንኛውም ግንኙነት በውል ይጀምራል። ላኪው "ከፍተኛው ፍጥነቴ ይህን ያህል፣ አማካዩ ይህን ያህል፣ በአንድ ጊዜ የማጎርፈው ቢበዛ ይህን ያህል ሴል ነው" ይላል። ኔትወርኩ መንገዱን አይቶ "እችላለሁ" ወይም "አልችልም" ብሎ ይመልሳል። ከቻለ ውሉ ጸና። ከዚያ በኋላ ደንበኛው የሚገባበት በር ላይ አንድ መርማሪ ይቆማል። ሁለት ኔትወርኮች በሚገናኙበት ድንበር ላይም ሌላ ሊቆም ይችላል።

ኦክቶበር 1986፦ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ

ታሪክ አንዳንዴ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አላት። በኦክቶበር 1986 ኢንተርኔት ለመጀመሪያ ጊዜ በመጨናነቅ ብዛት ተዝለፈለፈ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ ብቻ ነው፤ በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። በመካከላቸው በሰከንድ 32,000 ቢት ይሄድ የነበረው መረጃ ወደ 40 ቢት ወረደ። 800 እጥፍ ዘገየ ማለት ነው! ቦታው ሲጨናነቅ ኮምፒውተሮቹ መልስ አጡ፤ መልስ ሲያጡ ያንኑ ደግመው ላኩ፤ ደግመው ሲልኩ ይብሱን ተጨናነቀ።

ቫን ጃኮብሰን የተባለው ተመራማሪ ከማይክል ካረልስ ጋር መፍትሔ ፈለገ፤ ሥራው በ1988 ታተመ። የመፍትሔው ፍሬ ነገር ይሄ ነው፦ ላኪው ራሱ ልብ ይግዛ። እሽግ ጠፋብህ? መንገዱ ተጨናንቋል ማለት ነውና ፍጥነትህን ቀንስ። ሰላም ሲሆን ቀስ እያልክ ጨምር። በሩ ላይ ፖሊስ የለም። ሥርዓቱ የሚቆመው በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ሕሊና ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው በኦክቶበር 1986 አንድ የሙያ መጽሔት ላይ የጆናታን ተርነር ጽሑፍ ወጣ። ተርነር በዚያን ጊዜ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ጽሑፉ ወደፊት ድምፅም፣ ምስልም፣ መረጃም አንድ ላይ ስለሚሄዱበት ኔትወርክ ነው። ተርነር መልሱን ከላኪው ሕሊና አልጠበቀም። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በሩ ላይ አንድ ቆጣሪ ይቀመጥ አለ። እሽግ በላከ ቁጥር ቆጣሪው ይጨምራል፤ ሰዓት በሄደ ቁጥር ይቀንሳል፤ ከገደቡ ካለፈ እሽጉ ይጣላል። ለዚህ ቆጣሪ የወጣለት ስም "ቀዳዳ ባልዲ" ነው።

ሁለቱ መልሶች ሁለት እምነቶች ናቸው። አንዱ "ተጠቃሚውን እመነው" ይላል። ሌላው "በሩን ጠብቅ" ይላል። ኤቲኤም ሁለተኛውን ያዘ።

ባልዲው እንዴት ይፈርዳል?

እስኪ ባልዲውን እንሥራው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ መረጃው አይደለም። አንዳንድ የመማሪያ መጻሕፍት መረጃው ባልዲ ውስጥ ተጠራቅሞ እንደሚንጠባጠብ አድርገው ይስሉታል፤ ያ ወረፋ የሚያስይዝ ሌላ ዓይነት ባልዲ ነው። የፖሊሱ ባልዲ ግን መቁጠሪያ ብቻ ነው። ሴሉ በሩ ላይ አይቆምም። ወይ ያልፋል፣ ወይ አያልፍም።

ምሳሌያችን የስልክ ድምፅ ይሁን። 48 ባይት ድምፅ የሚሞላው በ6 ሚሊሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ውሉ "በየ6 ሚሊሰከንዱ አንድ ሴል" ይላል። ባልዲያችን ከሥሩ ተበስቷል፤ በየሚሊሰከንዱ 1 ኩባያ ውሃ ያንጠባጥባል። ሴል በመጣ ቁጥር 6 ኩባያ ይጨመርበታል። ባልዲው ቢበዛ 8 ኩባያ ይይዛል፤ ማለትም 6ቱ ለሴሉ፣ 2ቱ ደግሞ ለትዕግሥት። እንጀምር።

በ0 ሚሊሰከንድ የመጀመሪያው ሴል መጣ። ባልዲው ባዶ ነው፤ 6 ተጨመረ። እለፍ።

በ5 ሚሊሰከንድ ሁለተኛው መጣ። 1 ሚሊሰከንድ ቸኩሏል። 5 ኩባያ ፈስሶ 1 ቀርቷል፤ 6 ሲጨመር 7 ሆነ። ስለሚይዘው፣ እለፍ።

በ10 ሚሊሰከንድ ሦስተኛው መጣ። ከ7ቱ 5 ፈስሶ 2 ቀርቷል፤ 6 ሲጨመር ልክ 8። ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፣ ግን አልፈሰሰም። እለፍ።

በ15 ሚሊሰከንድ አራተኛው መጣ። 3 ቀርቷል፤ 6 ቢጨመር 9 ይሆናል። አይይዝም! ሴሉ ከውል ውጭ ነው። ውሃውም አይጨመርም፤ ባልዲው ውስጥ ያው 3 ኩባያ አለ።

በ20 ሚሊሰከንድ አምስተኛው መጣ። 3ቱ ኩባያ ፈስሶ አልቋል፤ ባልዲው ባዶ ነው። 6 ተጨመረ። እለፍ።

አያችሁ? ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቸኩለው ነበር፤ ግን ታለፉ። ችኮላው ሲደጋገም ነው የተያዘው። ባልዲው አንድን ስህተት አይቀጣም፤ ልማድን ነው የሚቀጣው።

ሁለት ነገር እዚህ ጋ አስተውሉ። አንደኛ፣ የተከለከለው ሴል ውሃ ባልዲው ውስጥ አልገባም። ፖሊሱ ቂም አይዝም፤ ለተያዘው ሴል የሚቀጥለው አይቀጣም። ሁለተኛ፣ ባልዲው ባዶ ከሆነ በኋላ ከባዶ በታች አይወርድም። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብትሉ "የአንድ ሰዓት ድርሻዬን አጠራቅሜያለሁ" ብላችሁ በአንድ ጊዜ መልቀቅ አትችሉም። ዝምታ የሚቆጠብ ገንዘብ አይደለም። የምታጎርፉት የባልዲው ጥልቀት የፈቀደውን ያህል ብቻ ነው።

ይህን ስሌት የኤቲኤም መሐንዲሶች "አጠቃላይ የሴል ፍጥነት አልጎሪዝም" ብለው መዘገቡት። በሁለት መልክ ነው የተጻፈው። አንዱ ያየነው ባልዲ ነው። ሌላው ሰዓት ያያል፤ "የሚቀጥለው ሴል መምጣት ያለበት በስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ይመዘግብና ከዚያ በጣም የቀደመውን ይይዛል። ሁለቱ ሲሰሉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰጣሉ። ከውስጥ አንድ ናቸው።

ይሄን ያህል ቀላል መሆኑ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። በ155.52 ሜጋቢት መስመር ላይ አንድ ሴል አልፎ የሚያልቀው በ2.7 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። ፖሊሱ ከሦስት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይህ ሴል የየትኛው ግንኙነት እንደሆነ ማየት፣ መዝገቡን ማውጣት፣ መፍረድ አለበት። ባልዲው ለእያንዳንዱ ግንኙነት የሚፈልገው የውሃውን መጠንና ሰዓቱን ማስታወስ ብቻ ነው፤ ከዚያ አንድ መቀነስ፣ አንድ ማወዳደር፣ አንድ መደመር። በቃ!

ጠባዩ ለሚለዋወጥ ደንበኛ፣ ለምሳሌ ለቪዲዮ፣ ሁለት ባልዲ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ትንሹ ባልዲ ቅጽበታዊውን ፍጥነት ይጠብቃል፤ ጥልቁ ባልዲ አማካዩን ይጠብቃል። ሴሉ ሁለቱንም ማለፍ አለበት።

ንፁሑ ሰው ጥፋተኛ ሲመስል

ሁለቱ የትዕግሥት ኩባያዎች ለምን አስፈለጉ? ላኪው ሴሎቹን ልክ በየ6 ሚሊሰከንዱ ቢለቃቸውም በሩ ላይ ልክ በየ6ቱ አይደርሱም። መንገድ ላይ ከሌሎች ሴሎች ጋር ይጋፋሉ፤ አንዱ ወረፋ ይጠብቃል፤ ተከታዩ ይደርስበታል። ስለዚህ በሩ ጋ ሲደርሱ ሁለቱ ተጠጋግተው የቸኮሉ ይመስላሉ። ላኪው ግን ምንም አላጠፋም።

ያለ ትዕግሥት የሚፈርድ ፖሊስ ንፁሑን ይቀጣል። ትዕግሥቱ ሲበዛ ደግሞ ተንኮለኛው ቀዳዳ ያገኛል፤ ሆን ብሎ ሴሎቹን እያጠጋጋ ያጎርፋል። ትክክለኛው መጠን ስንት ነው? ለዚህ አንድ ቁጥር የለም። የመሐንዲሶቹ የብዙ ዓመት ክርክር ከባልዲው ይልቅ በዚህች ትዕግሥት ላይ ነበር ቢባል ብዙ አይጋነንም።

ጠንቃቃ ላኪ ሌላ አማራጭ አለው። በሩ ጋ ከመድረሱ በፊት የራሱን ሴሎች ራሱ ያሰልፋቸዋል፤ የቸኮለውን ይይዝና ሰዓቱ ሲደርስ ይለቀዋል። ይህ "ሼፒንግ" ይባላል፤ መግራት ልንለው እንችላለን። ልዩነቱን ያዙ፦ ገሪው ያዘገያል፣ ፖሊሱ ይጥላል።

ምልክት የተደረገበት ሴልና 31ዱ ንፁሐን

ከውል ውጭ የሆነ ሴል ወዲያው ይጣል ወይ? የግድ አይደለም። በ5 ባይቱ ራስጌ ውስጥ ካሉት 40 ቢቶች አንዷ ለዚህ ተመድባለች። ፖሊሱ ይህችን ቢት ከ0 ወደ 1 ሊቀይርና ሴሉን ሊያሳልፈው ይችላል። ትርጉሙ "ቦታ ካለ ይሂድ፤ ካልተመቸ መጀመሪያ እሱን ጣሉት" ነው። መንገዱ ባዶ ከሆነ ትርፉ ሴል ማንንም ሳይጎዳ ይደርሳል። አስተዋይ ሐሳብ ነው።

ግን በ1990ዎቹ አንድ ያልታሰበ ነገር መጣ። ኤቲኤም የተሠራው ለሁሉም ነበር፤ በተግባር ግን ከሁሉም በላይ እየበዛ የሄደው የኢንተርኔት መረጃ ሆነ። 1,500 ባይት ያለው አንድ የኢንተርኔት እሽግ በኤቲኤም ሲሄድ ለ32 ሴል ይከፋፈላል። ከ32ቱ አንዱ ቢጣል መጨረሻ ላይ ያለው ኮምፒውተር እሽጉን ገጣጥሞ መጠቀም አይችልም፤ ሙሉው እንደገና ይላክ ይላል። የቀሩት 31 ሴሎች መንገዱን አጨናንቀው፣ የሌላውን ቦታ ይዘው ደረሱ፤ ምን ዋጋ አለው? ተጥለዋል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ አሊን ሮማኖውና ሳሊ ፍሎይድ ይህን ጉዳት አጥንተው አሳዩ። መጣል ካለበት አንዱን ሴል ከመሃል ከመንጠቅ ይልቅ ሙሉ እሽጉን ከመጀመሪያው አለመቀበል ይሻላል። የኤቲኤም ፎረም የተባለው የኩባንያዎች ማኅበርም በ1999 ባወጣው ደንብ ሴልን ሳይሆን ሙሉ እሽግን እያየ የሚፈርድ አሠራር ጨመረ። ፖሊሱ አንድ ትምህርት አገኘ፦ የምትቆጥረው ነገር ለሰውየው ትርጉም ያለው ነገር መሆን አለበት። ለተጠቃሚው ሴል ምንም አይደለም፤ እሽጉ ነው ነገሩ።

ኤቲኤም ወደቀ፣ ባልዲው ተረፈ

ታዲያ ኤቲኤም ለምን ዓለምን አልወረሰም? ብዙ ምክንያት አለ። ከ53ቱ ባይት 5ቱ ራስጌ ስለሆነ ወደ 9 ከመቶ የሚሆነው ቦታ ከመነሻው ይሄዳል። መሣሪያዎቹ ውድና ውስብስብ ነበሩ። በ1995 በሰከንድ 100 ሜጋቢት፣ በ1998 ደግሞ 1,000 ሜጋቢት የሚሄደው ርካሹ ኢተርኔት መጣ። በዚያ ፍጥነት ረጅም እሽግ ብዙ አያስጠብቅም፤ ስለዚህ የትንሿ ሴል ዋና ጥቅም ሳሳ። የኤቲኤም ፎረም በ2005 ከሌላ ማኅበር ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ቀረ።

በስልክ ሽቦ ላይ በሚሠራው ኤዲኤስኤል ኢንተርኔት ውስጥ ግን ኤቲኤም ድምፁን አጥፍቶ ለብዙ ዓመታት ኖሯል። የድሮ ኤዲኤስኤል ሞደም የከፈተ ሰው "ቪፒአይ" እና "ቪሲአይ" የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ሙላ ተብሎ ግራ ገብቶት ሊሆን ይችላል። እነዚያ የሴሉ ራስጌ ላይ የሚጻፉት አድራሻዎች ናቸው።

ባልዲው ግን አልሞተም። በ1999 ዩሃ ሄይናነንና ሮሽ ጌሪን ለኢንተርኔት እሽጎች የሚሆን የባልዲ ደንብ አሳተሙ። እሽጉ በውሉ ውስጥ ከሆነ አረንጓዴ፣ ትንሽ ካለፈ ቢጫ፣ በጣም ካለፈ ቀይ ይባላል፤ እንደ መንገድ መብራት። ዛሬ ኢንተርኔት አቅራቢዎች የፍጥነት ገደብ የሚያስከብሩበት መሣሪያ ውስጥ የዚህ ቤተሰብ አባል አለ። ድረ ገጽ ላይ ደጋግማችሁ ስትጫኑ "ብዙ ጠየቅህ፣ ቆይተህ ሞክር" የሚላችሁም ብዙ ጊዜ ባልዲ ነው፤ ኤንጂንኤክስ የተባለው ታዋቂ የድረ ገጽ ሰርቨር ጥያቄ የሚገድበው በዚሁ በቀዳዳ ባልዲ ስልት ነው።

ውል የሌለው ፖሊስ

ባልዲው ወደ ኢንተርኔት ሲሻገር ግን አንድ ነገር መንገድ ላይ ጣለ። ውሉን።

ኤቲኤም ውስጥ ላኪው ኮምፒውተር ገደቡን ከመጀመሪያው ያውቀዋል፤ ራሱም ተስማምቶበታል። ስለዚህ ሴሎቹን ገርቶ ሊልክ ይችላል። በኢንተርኔት ግን የጃኮብሰንን ሕግ የሚከተለው ላኪ መንገድ ላይ ባልዲ እንዳለ አያውቅም። ባልዲው እስኪሞላ ሁሉም ሰላም ይመስለዋል፤ ፍጥነቱን ይጨምራል። ከዚያ በድንገት ብዙ እሽግ ይጣልበታል። እያየነው የነበረው ቪዲዮ ቀጥ ይላል።

በ2016 ከጉግል ሰርቨሮች በተሰበሰበ 270 ቢሊዮን እሽግ ላይ የተሠራ ጥናት ይህን ለካ። እንደየአካባቢው እስከ 7 ከመቶ የሚደርሱ ግንኙነቶች ላይ እንዲህ ዓይነት ፖሊስ መኖሩ ታወቀ። ፖሊስ ባለበት የሚጠፋው እሽግ በአማካይ 6 እጥፍ ይበልጣል። ተመራማሪዎቹም ከመጣል ይልቅ መግራት፣ ማለትም ትንሽ ማዘግየት፣ ተመሳሳይ ገደብ ሲያስከብር ጉዳቱ እንደሚያንስ አሳይተዋል።

በ1986 የተነሱት ሁለቱ መልሶች፣ ሕሊናና በር ጠባቂ፣ ዛሬ አንድ መንገድ ላይ አብረው ይኖራሉ፤ ግን አይነጋገሩም። ባልዲው ራሱ አልተለወጠም፤ ያው አንድ መቀነስ፣ አንድ ማወዳደር፣ አንድ መደመር ነው። ፍትሐዊ የሚያደርገው ወይም የማያደርገው ከጎኑ ያለው ነገር ነው፦ ገደቡን ላኪው አስቀድሞ ያውቀዋል ወይ? ለንፁሑ የሚበቃ ትዕግሥት አለ ወይ? የሚቆጠረውስ ለሰው ትርጉም ያለው ነገር ነው ወይ?

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ቪዲዮ ስታዩ መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ መጥቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቀጥ ካለባችሁ፣ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ይሄ ነው፦ የሆነ ቦታ፣ የሆነ መሣሪያ ውስጥ፣ አንድ ባልዲ ሞልቷል።